የኦፔሏ የሾፌር ወንበር

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰዲቅ ከማሉዲን
አዲስ አበባ፣ ኮልፌ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱሏሂ ወበረካትሁ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ወገብህ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

በሾፌሩ በደሳለው እጅ የላክኻት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች። አንድ መስመር! «አባየ ሞቱ እንዴ?» ተብሎ ይጻፋል? አልሞቱም። ትናንት ሽሮው ጨው አንሶታል ብለው ሲቆጡኝ ነው የዋሉት። እርግጥ ነው፣ ደሳለው «እህትህ ደብዳቤ ልትጽፍልህ ነው» ሲልህ መደንገጥህ አይፈረድብህም። ለዒድ በስልክ ከምንለዋወጣት ሰላምታ በቀር በአሥራ አንድ ዓመት ከዚህ ቤት ምን ወጥቶልህ ያውቃል?

ለምን እንዳልደወልኩ ልንገርህ። አንደኛ ኔትወርኩ እንደልብ አይደለም። ሁለተኛ አባየ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ጆሯቸው ጓሮ የወደቀች መርፌ ይሰማል። ደብዳቤ ግን አያዩም። ይህን ስጽፍ እንኳ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው፤ የተማሪ ደብተር የማርም መስሏቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር አጋማሽ የዓይን ሐኪሞች እዚህ ሆስፒታል ይመጣሉ። አባየ ተመርምረው ነበር፤ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተብለዋል። ከስድስት ዓመት በኋላ ኢንሻአላህ ሊያዩ ነው! ዓይንዎ ሲበራ መጀመሪያ ምን ማየት ይፈልጋሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንቺን» ይሉኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ኦፔሏን» አሉኝ።

እንግዲህ ታውቃለህ፤ የደሴው ነጋዴ ለሃያ ዓመት የሾፌርነት አገልግሎታቸው የሰጣቸው መኪና ናት፣ ከነግራጫ የሱፍ ወንበሯ። ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ «ሳላያት አልነካትም» ብለው በሯን አልከፈቱም። እኔም አልከፈትኩም፤ ይኼ የእኔ ጥፋት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ብከፍታት በተሰበረው መስኮት ዶሮ ገብታ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል ጥላለች። የፊቱን አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል። ሽታው አይነገርም። ሱፉ የት እንዳለ ከአቧራው ለይቼ ማየት አልቻልኩም። ስድስት ዓመት በጨለማ የጠበቁት ይህን ነው?

አንተ የመኪና ወንበር ሰፊ ነህ። ሱፍ እንዴት እንደሚጸዳ ጻፍልኝ። ከቻልክ ደግሞ ራስህ ና። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል የጻፍኩት ፈራ ተባ እያልኩ ነው።

እህትህ ነሲባ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነሲባ

ወአለይኩሙ ሰላም። መኖራቸውን ሳነብ ተነፈስኩ። ወገቤ እንደነበረ ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። መጀመሪያ ደረቁን ቆሻሻ አውጪ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ወደ አንድ በኩል ብቻ፣ ቀስ እያልሽ። አቧራው ሳይወጣ ውኃ ከነካው ጭቃ ይሆናል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ የፊት ሳሙና ፍቀሺና ምቺው፤ አረፋውን ብቻ በነጭ ጨርቅ እያነሳሽ አብሺው። መጀመሪያ ከሥር፣ ሰው የማያየው ቦታ ላይ ሞክሪ፤ ቀለሙ ጨርቁን ከነካ ተዪው። ጠረን ካለው ኮምጣጤ በብዙ ውኃ አቅጥነሽ ጠብ ጠብ አድርጊበት። በጥላ፣ በነፋስ ይድረቅ። ሙቅ ውኃ በፍጹም አይንካው። እንዳታሺው። ልብሱን ከወንበሩ ላይ እንዳትፈቺው።

ስለ መምጣቴ። አንቺ ያኔ አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር፤ ጓሮ ነበርሽ፤ አላየሽም። ደሴ ስፌት ተምሬ ለዒድ ስመጣ ቀይ የወንበር ፕላስቲክ ይዤ መጣሁ፣ የሚያብረቀርቅ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከዚያ የሚያምር ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አባየ ለሶላት ሲወጡ፣ ሲመለሱ እንዲደነቁ ብዬ የሾፌሩን ወንበር በምላጭ ሰነጠቅሁት። ከነጎረቤቱ ሲመለሱ ምላጩን እንደያዝኩ አዩኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይህ እጅህ ከቤቴ ይውጣ!» አሉኝ። እጄ ብቻውን መሄድ አይችልም፤ አብሬው ወጣሁ።

ራሳቸው ካልጠሩኝ አልመጣም፤ ነሲባ፣ አታድክሚኝ።

ሰዲቅ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰዲቅ

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥህ፣ ምክርህ ሠርቷል። አቧራውን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ሳስል ሰነበትኩ። አረፋው ላይ ስሳሳት ቆይቼ መጨረሻ ላይ እጄ ለመደ። የኋላው ወንበር ብታየው! ከሥሩ እንደ ርግብ ላባ ያለ ግራጫ ወጣ። መዳፌን አስቀምጬበት ቆየሁ። ለካ ሰውየው ያን ያህል የሚሟገቱላት በከንቱ አልነበረም።

አባየ ግን አያስቀምጡኝም። ያኔ ወንበሩ እርጥብ ሳለ ነፋሱ ወደ ቤት ዞሮ ነበር። «ነሲባ፣ በግ አስገባሽ እንዴ?» አሉኝ። «የጎረቤት በግ ነው» አልኩ። «የታጠበ በግ ነው» አሉ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው። የሾፌሩን ወንበር ስቦርሽ አንተ የሰነጠቅኸውን ቦታ አገኘሁት። ተሰፍቷል። በጥቁር ክር፣ በጆንያ መርፌ፣ ከላይ እስከ ታች። ስፌቱ እንደ ሰከረ ሰው መንገድ ወዲያና ወዲህ ይላል። እኔ አልሰፋሁትም። እማየ ገና አንተ ቤት ሳለህ ከሞቱ ወዲህ እዚህ ቤት ከእኔና ከአባየ በቀር ሰው የለም። ማን የሰፋው ይመስልሃል?

የፊቱም ወንበር እየተሠራ ነው።

ነሲባ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነሲባ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ክሩ ድርብ ነው ነጠላ? ቋጠሮው ከላይ ነው ከሥር? እያንዳንዱ ስፌት በስንት ጣት ይራራቃል? ለሙያዬ ነው የምጠይቅሽ። ሌላ ሰው አሰፍተውም ይሆናል። አባየ ቁልፍ እንኳ ሲተክሉ አይቻቸው አላውቅም።

ሌላ ነገር። ስለ ኋላው ወንበር አጸዳድ ብዙ ጻፍሽ። ስለ ፊቱ አጸዳድ አንድ መስመር። ሰው አንድ ነገር ሲደብቅ ባጭሩ እንደሚናገር የሚያውቅ ወንድም ነው ያለሽ። ልብሱን ፈታሽው? ምን አደረግሽው?

ሰዲቅ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ

ሰላም ለማለትም አፍሬአለሁ። አዎ፣ ፈታሁት።

የአይጡ ሽንት ከሾፌሩ ወንበር በአረፋ አልወጣ አለኝ። ኮምጣጤውም አልበገረውም። ከገበያው ጀርባ ባና ብርድ ልብስ የሚሠራውን ይሄነውን አማከርኩት። «ሱፍ አይደል? ሱፍ የሚወደው ሙቅ ውኃና እግር ነው፤ ባና ከሸማኔ ሲወጣ ወንፊት ነው፣ በፈላ ውኃ ሲረገጥ ነው ሰው የሚሆነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እዚህ አገር ማን ይህን ሳያይ ያደገ አለ? አንተ «ሙቅ ውኃ አይንካው» ስትል፣ ወንድሜ ከተማ ገብቶ የሱፍን ነገር ረሳው ብዬ ናቅሁህ። ይኸው ናቅሁህ ብዬ ጽፌአለሁ።

ልብሱን ፈታሁት። ገንዳ ውስጥ ከትቼ እንዶድና የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁና ረገጥኩት። አባየ ከውስጥ «ምን እየረገጥሽ ነው?» ሲሉ «ባና» አልኩ። እየዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ሳወጣው ለካ እውነት ባና ሆኗል።

ሽታው ጠፍቷል። ግን ከወንበሩ ርዝመት አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ጎደለ፤ ከጎኑ አንድ ስንዝር። እንደ በግ አጎዛ ወፍሯል። ይሄነው መጥቶ አየው፤ አገላብጦ ዳሰሰና «እንዲህ ያለ ጥብቅ ባና በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም» ብሎ አመሰገነኝ። እንባዬን ሲያይ ነው የደነገጠው።

ጥቁሩ ክር ግን ከሱፉ ጋር አልተሰበሰበም። ሱፉ ሲያጥር እሱ ተርፎ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ቆሟል። ለጠየቅኸኝ፦ ድርብ ነው። ቋጠሮው ከላይ ነው፣ እንደ አተር ያለ። ሰፊ የሰፋው አይደለም።

ሐኪሞቹ ኅዳር 17 ይሠሩላቸዋል። ሰባት ቀን ቀርቶኛል። ሰዲቅ፣ ሌላ የማውቀው ሰፊ የለኝም። በአላህ ና።

ነሲባ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ

አታልቅሺ። እኔ በዚያ ወንበር ጉዳይ ሰው ለመቆጣት ምን አፍ አለኝ? ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ራሴን ያዝኩ፤ ገንዳው ውስጥ ቆመሽ ስትረግጪ ሲታየኝ ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ። ይቅር በዪኝ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ሙቅ ውኃ ተዪ አልኩሽ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩሽም። ይሄነው የሚወደው መሰብሰቡን ነው፤ የወንበር ልብስ ደግሞ ከተሰበሰበ አለቀለት። የተሰበሰበ ሱፍ ተመልሶ አይዘረጋም፤ ደጋግመሽ አትጎትቺው።

አንድ ደንበኛዬ የተወው የድሮ ካፖርት ነበረኝ፣ ግራጫ፣ ንጹሕ ሱፍ። ፈትቼ በደሳለው ልኬልሻለሁ። በጎንና በጎን ቢቀጠል ይበቃል፤ እዚያ ያለ ልብስ ሰፊ ይቀጥልልሻል። ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል፣ ምን ይደረግ።

እኔ አልመጣም። አንቺ ስለጠራሽኝ እንጂ እሳቸው ስላልጠሩኝ። መኪናው በር ላይ ቆሜ እንደገና በሰው ፊት ቢያባርሩኝ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት አይኖረኝም።

ሐኪሞቹ የሚሉትን ያንኑ ዕለት ጻፊልኝ። ጥቁሩን ክር ማንም እንዳይፈታው።

ሰዲቅ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰዲቅ

አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! የቀኝ ዓይናቸው በርቷል!

ፋሻው ሲነሳ አጠገባቸው ነበርኩ። ለረጅም ጊዜ አዩኝና «ሀያት» አሉኝ፣ በእማየ ስም። ከዚያ «አይ፣ ነሲባ ነሽ። ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አሉ። ሁለታችንም አለቀስን። ነርሷ ዓይንዎን እንዳያለቅሱበት ብላ ተቆጣችን።

ካፖርቱ የደረሰኝ ትናንትና ነው፣ ደሳለው መንገድ ተዘግቶበት ሰንብቶ። እናም ቤት ስንደርስ የሾፌሩን ወንበር ያን ያነሰ ልብስ እንዳለ ደርቤበት ነበር። ሰው ሲሞት የሚገነዝበት ጨርቅ እንኳ የተሻለ ይሸፍናል። በሩን ሳይከፍቱ በፊት አስቆምኳቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ዶሮዋን፣ አይጡን፣ ይሄነውን፣ የፈላውን ውኃ። ያንተን ስም ብቻ አላነሳሁም።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በሩን ከፍተው፣ ጎንበስ ብለው ልብሱን አነሱት፣ ወደ ብርሃን ያዙት። ያን ጥቁር ክር፣ ቀለበት ቀለበት ብሎ የቆመውን አዩ። ሰዲቅ፣ ሳቁ! ከዘራቸው እስኪወድቅ ነው የሳቁት። «ይህን የሰፋው ሰውዬ ያኔ ዓይን ነበረው?» አሉ። ሰፊው ራሳቸው ናቸው እንግዲህ። ቀጥለው «ደግ አደረግሽ፣ የሚሞቅ ነገር ሠራሽልኝ» ብለው ልብሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ቤት ገቡ። ይኸው እስከዛሬ ማታ ማታ ይደርቡታል። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም።

መነጽር ተሰጥቷቸው ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ። የመድኃኒት ካርቶን፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የተማሪዎቼን ደብተር። ስለ አንተ ግን እስካሁን ምንም አላሉም። እውነቱን ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ነሲባ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነሲባ

ዓይናቸው እንኳን በራ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ሱቄን ዘግቼ ዋልኩ፤ ሥራ እጄ አልገባ አለኝ። ለአላህ ምስጋና ይግባው።

ለአንቺ ሳቁ። ደስ ብሎኛል፤ ቢቆጡሽ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምታመመው። ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። እኔ የሰነጠቅሁት አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። አንቺ ሙሉውን ጨረስሽው። አንቺም ለደግ ብለሽ ነው፣ እኔም ለደግ ብዬ ነበር። ለአንቺ ሳቁ፣ ለእኔ ለምን አልሳቁም? ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጻፌ ያሳፍረኛል፣ ግን ሌሊቱን እሱን ሳስብ አደርኩ።

ለጊዜው ደብዳቤ ይቅርብኝ። ተቀይሜሽ አይደለም። ካፖርቱን አሰፊበት።

ሰዲቅ

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰዲቅ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱሏሂ ወበረካትሁ። ፊደሎቼ እንደ በሬ ቢገዝፉ አትሳቅብኝ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ መጀመሪያ የምጽፈው ደብዳቤ ይህ ነው። ማንም አልጻፈልኝም።

ያቺን ብጣሽ ወረቀት ሳልቆጥር ያንተን አራት ደብዳቤ አንብቤአለሁ። እህትህ ደብተሮቿ መካከል ደብቃቸው ነበር፤ ደብተሮቹን እንደማነብ ረስታ። የእሷ አንተ ዘንድ ስለሆነ የጻፈችውን በአፏ አስነገርኳት። ደብተር እያረመች መስሎኝ የተቀመጥኩትን ሁሉ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። የእርጥብ ሱፍ ሽታ ግን አላመለጠኝም፤ በዚህ አገር ያደገ ሰው ነኝ። እህትህ የደበቀችኝ ነገር ደህና ነገር ነው ብዬ ተውኳት።

የጠየቅኸው ጥያቄ ልክ ነው። ለእሷ ስቄ ላንተ ለምን አልሳቅሁም? ለዚያ ወንበር አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ አልሰጥም ብዬ ነው የሳቅሁት። ባንተ ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር።

አንተ በወጣህ በሦስተኛው ቀን ከእህል ነጋዴ የጆንያ መርፌ ተዋስኩና ሰፋሁት። ሰዲቅ ሲመለስ የተቀደደውን እንዳያይ፣ እንዳያፍር ብዬ። ዓይኔ ያኔ ደህና ነበር፤ ስፌቱ የጠመመው ሳለቅስ ስለነበር ነው። በሳምንቱ ደሴ ድረስ መጣሁ። አዲስ አበባ ሄዷል አሉኝ። ከዚያ በኋላ «እሱ ይምጣ፣ ልጅ ነው ወደ አባት የሚመጣው» እያልኩ ተቀመጥኩ። አንተ እስክጠራህ ትጠብቃለህ፣ እኔ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። ግትርነቱን ከሌላ ቦታ አላመጣኸውም። አፉ በለኝ።

ያን ቃል በሰው ፊት ነበር የተናገርኩት፤ ስለዚህ በሰው ፊት መለስኩት። ያን ቀን በር ላይ ከነበሩት ሦስቱ ሞተዋል፣ አራቱ አሉ። ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ አራቱንም ቤቴ ጠራሁ። መኪናዋ በር ላይ፣ ያን ቀን በቆሙበት አቆምኳቸውና «እጁ ከቤቴ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እጁ ቤቴ ይግባ የምለውም እኔ ነኝ» አልኩ። ዱዓ ተደረገ። ይሄነውም መጥቶ ነበር፤ ከሁሉ ጮክ ብሎ አሜን ያለው እሱ ነው፣ ከወንበሩ ነገር በኋላ ዕዳ ያለበት ይመስለዋል መሰለኝ።

የካፖርቱን ጨርቅ በደሳለው መልሼ ልኬልሃለሁ፤ እዚህ ያለ ሰፊ አይነካትም። ከእሱ ጋር አብረህ ይዘኸው ና። ደሳለው ሐሙስ ሲነሳ ጋቢናው ውስጥ ከጎኑ ሌላ ሰው እንዳያስቀምጥ አስምዬዋለሁ። የእኔን ስፌት ግን ራስህ ፍታው፤ እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ሳይ።

አሁን ከአስር ሶላት በኋላ ኦፔሏ ውስጥ ገብቼ እቀመጣለሁ። የሾፌሩ ወንበር ልብስ የለውም፤ ውስጡ የታጨቀውንም የፈረስ ጭራ አይጥ ጨርሶታል፤ የቀረው ሽቦው ነው። ነሲባ የጸዳው የኋላው ላይ ይቀመጡ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ሾፌር የኋላ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ሽቦው ይወጋኛል፣ ልጄ። እጅህን ይዘህ ቶሎ ና።

አባትህ ከማሉዲን